ለኖርስቦሪ የተላከ ቅቤ

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ዕቃ እያጠቡ ነበር። ሳህኖቹን ጨርሰው፣ የሕፃኑን ጡጦ በቀጭኗ ብሩሽ ፈትገው፣ ከሲንኩ ጥግ የቀረውን ባለ ቢጫ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ አነሱ። ልጃቸው ሰሎሜ ትናንት ፍሪጁን ስታጸዳ ያወጣችው መሆን አለበት። ዳር ዳሩን የረጋ ቅባት ይዞታል። ሙቅ ውኃ ለቀቁበት፣ ሎሚ ሎሚ የሚሸተውን ሳሙና ጠብ አደረጉበት፣ አሽተው አለቀለቁት፤ ቅባቱ አልለቅ ሲላቸው ደገሙት። ሊደፉት ሲያገላብጡ ጣታቸው ከጎኑ የተለጠፈ ነገር ነካ። ነጭ የቁስል ፕላስተር ነው። በላዩ የተጻፈውን ውኃው አደብዝዞታል እንጂ አላጠፋውም። «ለብርቱካን፣ ኖርስቦሪ። ከእናትሽ ከተጂቱ። በብርቅአየሁ እጅ።» የእጅ ጽሑፉ የራሳቸው ነበር።

ሃያ ስምንት ዓመት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሲሠሩ የሰው ስም አሳስተው አያውቁም፤ የገዛ ፊደላቸውንማ እንዴት ይስታሉ? ፕላስተሩን የለጠፉት ጥቅምት ላይ፣ ጉለሌ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። ተጂቱ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ (ወንበር ሲሰጧት እምቢ ስትል ሠላሳ ዓመቷ ነው) ቃሉን ትነግራቸዋለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ተጂቱ ለዚያ ቤት ልብስ ስታጥብ ኖራለች። ሰሎሜን አዝላ ያሳደገቻትም እሷ ናት። ልጇ ብርቱካን ስቶክሆልም፣ ኖርስቦሪ የሚባል ሰፈር ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል፤ እናት ልጇን ልታርስ ቪዛ ጠይቃ አላገኘችም። «እኔ ካልሄድኩ ቅቤዬ ይሂድልኝ» አለች። ሁለት ኪሎ የተነጠረ ቅቤ፣ የገንፎ የገብስ ዱቄት፣ ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ። ወይዘሮ ብርቅአየሁ የራሳቸውን ልብስ ከሻንጣ ቀንሰው ቦታ አበጁለት። ስቶክሆልም ከገቡ ሳምንት ሳይሞላ ሰሎሜ «ልዑል ወስዶ ሰጣት፤ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች» አለቻቸው። ልዑል ባሏ ነው። ያን ዕለት ራሳቸው ለተጂቱ ደውለው «አደራሽ ደርሷል፣ እፎይ በይ» ብለዋታል።

ምናልባት ዕቃውን መልሳው ይሆናል ሲሉ አሰቡ፤ ሰው ለመክሰስ የሚቸኩሉ ሴት አይደሉም። ግን የት አገር ነው ሰው የሰው ዕቃ ባዶውን የሚመልሰው? ሌላው ቢቀር እፍኝ ስኳር ይደረግበታል። ያውም ሳይታጠብ! ከዚያ ገና ትዝ አላቸው። የገና ዕለት ሰሎሜ የሥራ ባልደረቦቿን ጠርታ ዶሮ ሠርታ ነበር። የድስቱ ክዳን ሲነሳ ሽታው እስከ ደረጃው ድረስ ወጣ። «ይሄን የመሰለ ቅቤ እዚህ አገር ከየት አገኘሽ?» ብለው ጠይቀዋታል። «እዚሁ ስፖንጋ፣ ከሐበሻ ሱቅ» ነበር ያለችው። ሁለት ጊዜ አስጨምረው በልተዋል።

ከሳሎን የሰሎሜ ድምፅ ይመጣል። ናዝሬት ካለው ታላቅ ወንድሟ ከሀይሌ ጋር በስልክ እያወራች ነው። «ሀይልሻ ሙት፣ ያላየችው የለም! ቤተ መንግሥቱ በለው፣ ሙዚየሙ በለው፣ ባሕሩ በለው… ፎቶውን በሲዲ አድርጌ ነገ አስይዛታለሁ፤ ራስህ ታየዋለህ።» ወይዘሮ ብርቅአየሁ ቧንቧውን ዘጉ። ሀይሌ ቦሌ ሲሸኛቸው ለእህቱ በስልክ የነገራትን አጠገቡ ቆመው ሰምተዋል። «ሞግዚት ፈልገሽ ከሆነ ሞግዚት ቅጠሪ፤ እናቴ የምትመጣው ልታርፍ ነው» ነበር ያላት። ሦስት ወር ሙሉ ያዩት ግን ይህ ነው፦ ዩልስታ፣ የባቡሩ መስመር የሚያልቅበት ሰፈር፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል ቤት፤ በኩሽናው መስኮት በኩል የመኪና ማቆሚያና በረዶ የዋጠው የልጆች ሸርተቴ። ሰሎሜ ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ስትመለስ ለሕፃኑ ለጆናታን የሕፃናት መዋያው ተራ አልደረሰም ነበር። «ተራው እስኪደርስ፣ ትንሽ ቀን ብቻ» ተብለው የያዙት ልጅ ዛሬ ዕቃ ተደግፎ ይቆማል። ይህን አልተቀየሙም፤ የልጅ ልጅ ነው፣ ለልጅ ልጅ ድካም ይቆጠራል? ወገባቸው ሲሰበር እንኳ ለማንም አልተነፈሱም። ይሄኛው ግን የሳቸው አይደለም። የታጠበውን ዕቃ በፎጣ አደረቁ፣ በፌስታል ጠቀለሉ፣ ከእጅ ቦርሳቸው ሥር ከተቱት።

ቅዳሜ ነበር፤ የዘጠና ስምንት ጥር እያለቀ ነው። በረራቸው ነገ ነው፤ ከተማ ማየት ለዛሬ ተቀጥሯል። ልዑል ከሕፃኑ ጋር ሊቀር፣ ሰሎሜና የዘጠኝ ዓመቷ ሰሊና ሊያዞሯቸው። ልዑል ልጁን ታቅፎ በር ድረስ ሸኛቸው። ተማሪ ሆኖ መጥቶ መሐንዲስ ሆኖ የቀረ፣ ለስላሳ፣ ከሰው ፊት ይልቅ ጫማ አይቶ የሚናገር ሰው ነው።

«እማማ፣ ይሞቅዎታል? ዛሬ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነው።»

«ይበቃኛል፣ ልጄ። ልዑል፣ ያቺ ኖርስቦሪ ያለችው አራስ… ያኔ ዕቃውን ስታደርስላት ስንተኛ ፎቅ ነበር ቤቷ?»

ልዑል ሚስቱን አየ። ሰሎሜ የጫማዋን ዚፕ ትስባለች፤ ቀና አላለችም። «ሦስ… ሦስተኛ መሰለኝ» አለ።

«እንዲያ ነው?» አሉ ወይዘሮ ብርቅአየሁ። በማስታወሻ ደብተራቸው ከአድራሻው ሥር በራሳቸው እጅ የተጻፈው «ሰባተኛ ፎቅ» ይላል። ጓንታቸውን አጠለቁ።

ባቡሩ ከዩልስታ ባዶውን ተነስቶ በየጣቢያው ሰው እየለቀመ ወደ መሬት ሆድ ገባ። ሰሎሜ ከእግሯ ሥር ትልቅ የጉዞ ቦርሳ አስቀምጣለች። ምን እንደያዘ ሲጠይቋት ሳቀች። «ታያለሽ፤ ዛሬ ሞዴል ነው የማደርግሽ።» ሰሊና አያቷ ጭን ላይ እጇን ጥላ በስዊድንኛ ታወራለች። አማርኛ ትሰማለች፣ ግን መልሷ ሁሌም በዚያው በፈረንጅኛው ነው፤ ወይዘሮ ብርቅአየሁም ቃሉን ባይለዩትም ዜማውን ለምደውታል። ከማዕከላዊው ጣቢያ ሲወጡ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወጋው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ በረዶው ሲረገጥ የደረቀ እንጀራ ሲፈረፈር ዓይነት ድምፅ ያሰማል። ውኃው ዳር ያለውን የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ፣ ቀይ ሸክላውንና ጫፉ ላይ ያሉትን ሦስት ዘውዶች አንገታቸውን ሰብረው አዩ። ባሕሩ ረግቷል፤ በላዩ ሰው ይሄድበታል። ሦስት ወር ሙሉ ከዚህ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ መኖራቸው ገረማቸው። ዕድል ቢሰጣቸው ብዙ ባዩት ነበር። ሰሎሜ ግን ዕድል አልሰጠችም፤ «እዚህ ቁሚ፣ ሳቅ በይ፣ አንዴ ወደ ግራ» ብላ አራት ጊዜ ካነሳቻቸው በኋላ ቦርሳውን ከፈተች።

«አሁን ይሄን ቡኒውን ካፖርት ልበሺ። ኮፍያውንም።»

«ምነው? አልበረደኝም እኮ።»

«ለብርዱ አይደለም፣ እማዬ። በአንድ ልብስ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቀን የተነሳ ይመስላል።»

ወይዘሮ ብርቅአየሁ የገባቸው ያኔ ነው። በቦርሳው ውስጥ ሦስት ካፖርት፣ ሁለት ኮፍያ፣ አራት ዓይነት ሻርፕ ተጣጥፏል። የሦስት ወር ሽርሽር በአንድ ቀን ብርሃን ሊያልቅ ነው፤ ያውም ከአሥር ሰዓት በኋላ ብርሃን የለም። ሰሊና እጇን ኪሷ ከታ እናቷን ስትመለከት ቆየችና አንድ ነገር ተናገረች፤ በመጨረሻ «ፉስክ» የምትል ቃል አለችበት። ሰሎሜ ፊቷ ቀላ። «ምን አለች?» ሲሉ «ምንም፣ በረደኝ ነው የምትለው» አለቻቸው። በጨዋታ መሐል ሰሊና ካርታ ስታጭበረብር አባቷ የሚላት ቃል እንደሆነች ግን ከምሽት ጨዋታቸው ያውቋታል። ካፖርቱን ለወጡ። ሳቁም። የራሳቸውን ውርደት በጸጥታ መልበስ ይችሉበታል።

ወደ አሮጌው ከተማ ተሻገሩ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቤቶቹ የሰናፍጭና የጡብ ቀለም ተቀብተው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈዋል፤ ጣሪያ ላይ የወጡ ሰዎች በረዶ በአካፋ ወደ ታች ይጥላሉ፤ ከሥር አንዱ ሰው እያስጠነቀቀ ያሳልፋል። ለምን እንደሆነ፣ ስንት ዓመት እንደቆዩ፣ ማን እንደሚኖርባቸው ሊጠይቁ ፈለጉ። ሰሎሜ በየጥጉ «እዚህ ጋ» ትላለች። አንድ ካፌ ገቡ፤ የገቡት ግን ለቡና ሳይሆን ለመጸዳጃ ቤቱ ነው። ሰሎሜ የወቅቱን ባለ ክሬም ዳቦ ዋጋ አየችና «ሃያ ስምንት ክሮና! ለዳቦ?» ብላ ለሦስት አንድ አዘዘች። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጠባቧ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ ክርናቸው ግድግዳ እየመታ፣ አረንጓዴውን ሻርፕ አሥረው፣ ቡኒውን አውልቀው ሰማያዊውን ለበሱ። መስታወቱ ውስጥ ያዩዋትን ሴት «አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?» አሏት።

ቤተ መንግሥቱ ፊት ያለው አደባባይ ነፋስ ይበዛበታል። ዘቡ እንደ ሐውልት ቆሟል፤ ትንፋሹ ብቻ በአፉ ዳር ይጨሳል። ሰሎሜ ሰማይ ሰማይ አየች፤ ፀሐይ ከጣሪያዎቹ በላይ ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች። «አሁን የመጨረሻዋ። ባህላዊ ትሁን» ብላ ከቦርሳው ሥር አንድ ጋቢ መዝዛ በትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። «በቃ እንደዚህ፤ ከኋላ ቤተ መንግሥቱ፣ ከፊት ጋቢው… ሀይልሻ ያብዳል!»

ጋቢው ከባድ ነው። አዲስ ነው። ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጓንታቸውን አውልቀው ጥጉን ፈለጉ፤ አራተኛው ጥግ ላይ አገኙት። ሦስት ጊዜ የተሰፋ ቀይ ክር። ልብስ አጣቢ የሁለት ቤት ልብስ እንዳይደባለቅባት ምልክት ታደርጋለች፤ የተጂቱ ምልክት ቀይ ክር ነው፤ በቤታቸው ያለው አንሶላ ሁሉ፣ ሰሎሜ ተጠቅልላበት ያደገችው ብርድ ልብስ ጭምር፣ ያን ክር ይዟል። ጋቢውን አብረው ሲያጥፉ «ይሄስ የልጅሽ ነው፣ ከማን ሊደባለቅ ነው?» ቢሏት «እጄ ለምዶ ነው፣ እትዬ፤ ክሩን ካላየሁበት እጄ የነካው አይመስለኝም» ብላቸው ነበር።

«ሰሎሜ፣ ይህ ጋቢ የማን ነው?»

ሰሎሜ ዓይኗን ከካሜራው አላነሳችም። «የኔ ነዋ። ቀና በይ።»

«የማን ነው አልኩሽ።»

ካሜራው ወረደ። «እማዬ፣ እዚህ አይሆንም። ሰው ያየናል።»

«ይየን! ሊያየን አይደል ከጧት ጀምሮ ልብስ የምለዋውጠው?»

ሰሎሜ ቀረብ አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልንወስድላት ነበር፤ ሥራ፣ ልጅ፣ በረዶ… ከዚያ ቀኑ አለፈ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልሂድ? ቅቤውም ሊበላሽ…»

«ቅቤ በዚህ አገር ሊበላሽ? ደጁ ሁሉ ፍሪጅ አይደለም እንዴ!»

«እሺ፣ እውነቱን ልንገርሽ?» አለች ሰሎሜ፤ ንዴት ሲይዛት የልጅነት ፊቷ ይመለሳል። «ልጅቷ የኔን መሥሪያ ቤት ነው የምታጸዳው። በኮሪደር ታየኛለች። አንዴ ቤቴ ከገባች መልቀቂያ የለኝም። ዛሬ ቅቤዬን ትላለች፣ ነገ ደብዳቤ ተርጉሚልኝ፣ ከነገ ወዲያ ሥራ ልሂድ ልጅ ያዢልኝ…»

«ልጅ ማስያዝ ነውር ነው በይኛ!» አሉ ወይዘሮ ብርቅአየሁ።

ዘቡ አልተንቀሳቀሰም። ሰሊና አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ታያለች።

«በጀርባዋ ያዘለችሽን ሴት ቅቤ በላሽ። በልተሽ ዝም ብትይ ባንቺ ይቀር ነበር፤ እኔንም አበላሽኝ። ያውም ሁለት ጊዜ አስጨምሬ! አደራ በላ ተብዬ ነው ነገ አገሬ የምገባው?» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ተሰልፎ ያለ ተራው የሚጋፋን ሰው የሚመልሱበት ድምፅ ነበር። ከዚያ ጋቢውን ካፖርታቸው ላይ አጥብቀው ደረቡ። «ወደ ኖርስቦሪ የሚሄደው ባቡር የት ነው የሚያዘው?»

«እማዬ፣ ነገ በረራ አለሽ እኮ!»

«ነገ ነው። ዛሬ አይደለም።»

«እኔ አልወስድሽም። ሻንጣሽ እንኳ አልታሰረም።»

«ማን ውሰጂኝ አለሽ? ሦስት ወር ያልወሰድሽኝ ዛሬ ልትወስጂኝ?»

ቁልቁለቱን በትንንሽ እርምጃ፣ ግድግዳ እየያዙ ወረዱ። ሰሎሜ ቦርሳዋን እየጎተተች ከኋላ «እማዬ! እማዬ፣ ትወድቂያለሽ!» ትላለች፤ ወደኋላ አላዩም። የባቡር ጣቢያው ምልክት ጋ ሲደርሱ ሰሊና ሮጣ ደረሰችባቸውና እጃቸውን ይዛ ደረጃው ድረስ ወሰደቻቸው። ቃላቱን አንድ በአንድ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው አወጣቻቸው። «ቀይ። ኖርስቦሪ። መጨረሻ።» አማርኛዋ ይህን ያህል ነበር፤ በቂ ነበር። ግንባሯን ስመው ገቡ።

ባቡሩ ከመሬት በላይ ሲወጣ ቀኑ መሽቶ ጠበቃቸው። ከአሥር ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጥቁር ጥዶች፣ መብራት የበራባቸው መስኮቶች፣ ከዚያ ደግሞ ጥድ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ሽማግሌ ጋቢውን አይቶ ፈገግ አለ፤ እሳቸው ፈገግ አላሉም። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙ። ለተጂቱ «አደራሽ ደርሷል» ያሉበት ስልክ ትዝ እያላቸው ጆሯቸው ይግላል። በሠላሳ ዓመት ተጂቱ ከቤታቸው አንዲት ካልሲ አልጠፋባትም። አንዴ ኪስ ውስጥ ያገኘችውን የሀምሳ ብር ኖት ታጥቦ እንዳይበጫጨቅ በመጽሐፍ መሐል አድርቃ መልሳላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ አንድ ወንዝ ተሻግረው አንድ ዕቃ ማድረስ አቃታቸው። ሁሉም ሲወርድ ወረዱ።

አድራሻውን ለአንዲት ጋሪ ለምትገፋ ሴት አሳይተው፣ ሴትየዋ በእጇ እየጠቆመች መርታቸው፣ ሕንፃውን አገኙት። በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩ የላቸውም። ሰው እስኪወጣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ፤ እግራቸው የሳቸው መሆኑን ተወ። ሰባተኛ ፎቅ። ደወሉ። ብርቱካን ልጇን በአንድ ክንዷ አቅፋ ከፈተች፤ በመጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ሳይሆን ጋቢውን ነበር።

«እትዬ ብርቅአየሁ? ብቻዎን? በዚህ ብርድ!»

በትከሻዋ እየደጋገመች ሰላም ስትላቸው ሰውነቷ የእናቷን ያህል ደርቆ አገኙት። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሶፋው ሲዘረጋ አልጋ ይሆናል፤ በማሞቂያው ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል፣ በመጠን በመጠኑ ተደርድሮ። ባሏ አውቶቡስ ነጂ ነው፣ ሥራ ላይ ነው። ወንበር ሰጠቻቸውና ራሷ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፤ እሳቸው ሳይቀመጡ ጋቢውን ከትከሻቸው አውርደው አጠፉት፣ ጭኗ ላይ አኖሩላት፣ ባለ ቢጫ ክዳኑን ዕቃ ከፌስታሉ አውጥተው ከላዩ አስቀመጡ።

«ጋቢው ይኸውልሽ። ዱቄቱ የት እንደደረሰ አላውቅም። ቅቤውን በልተነዋል። እኔም ከበሉት ነኝ።»

ብርቱካን ክዳኑን ከፈተች። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። «ሎሚ ሎሚ ይላል» አለች።

«አጥቤው ነው። ሳላውቅ። ሁለቴ።»

«አንዴ ቢሆን ትንሽ ይቀርልኝ ነበር።» ክዳኑን ገጠመችው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸው፤ በዓይኗ ውስጥ እንባ አልነበረም። «ጣፍጧችሁ ነበር?»

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ሊዋሹ አልቻሉም። «ጣፍጦናል።»

ሕፃኗ ነጭናጫ ድምፅ አሰማች፤ ብርቱካን ወዘወዘቻት። «ከሆስፒታል እንደወጣሁ ሦስት ጊዜ ለሰሎሜ ደውያለሁ። ሻንጣው ኤርፖርት ጠፋ አለችኝ። ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ቢሮዋ ነው። ባለፈው ወር ወለሉን ስወለውል አንዲት ፈረንጅ ሰሎሜ ቤት ስለበላችው ዶሮ ለጓደኛዋ እያወራች ነበር፤ ቅቤው ከኢትዮጵያ የመጣ ነው አለች። እኔ መወልወያዬን ያዝኩና አለፍኩ።»

«እናትሽስ? ለእናትሽ ምን አልሻት?»

«ደርሶኛል አልኳት። ምን በላሽ ስትለኝ ገንፎ አልኳት፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ በርበሬውን በቅቤው ለውሼ፣ ዳር ዳሩን… ሁሉን ነገርኳት። ፓስታ እየበላሁ። ጋቢውን ለብሰሽ ፎቶ ላኪልኝ ስትለኝ ደግሞ ካሜራው ተበላሸ አልኳት። ሦስት ወር ሙሉ የተበላሸ ካሜራ!»

«ለምን ዋሸሻት፣ ልጄ? ለምን አልሰደብሽንም?»

«ብነግራት እርስዎ ደጅ ዳግም አትቆምም። ሌላ ደጅ ደግሞ የላትም።»

ወይዘሮ ብርቅአየሁ ያኔ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ሠላሳ ዓመት እምቢ የተባለው ወንበር ዓይናቸው ላይ መጣ። አንድ ቀን እንኳ እጇን ይዘው አላስቀመጧትም፤ «ተቀመጪ» ብለው፣ እምቢ ስትል ደስ ብሏቸው፣ ዝም ብለዋል። ሰሎሜ ይህን አይታ ነው ያደገችው። አደባባይ ላይ የተናገሩት ቁጣ ግማሹ ዞሮ ወደ ራሳቸው መጣ፤ ግማሹ ግን እዚያው ቀረ፣ አልበረደም።

«እኔ ነኝ የምነግራት» አሉ። «ወንበር ላይ አስቀምጬ። ማን እንደበላው፣ ማን እንደዋሸ፣ ስም በስም።»

«አይንገሯት! እኔ ውሸታም ልሆንባት ነው?»

«ውሸቱ የኛ ነው። አንቺ ተሸከምሽልን እንጂ ያንቺ አልነበረም። ይበቃሻል፣ አውርጂው።»

ብርቱካን ሕፃኗን ወይዘሮ ብርቅአየሁ ጭን ላይ አስቀመጠች፣ ጋቢውን ለበሰች፣ ልጇን መልሳ ወስዳ ጋቢው ውስጥ ከተተቻትና ስልኳን ሰጠቻቸው። «ይህቺን ሲጫኑ ፎቶ ያነሳል።» ሳቂ አላሏትም፤ እሷም አልሳቀችም። ቀዩ ክር ያለበት ጥግ ፊት ለፊት እንዲወጣ ብቻ አደረጉ።

ከዚያ ብርቱካን ባለ ቢጫ ክዳኑን ዕቃ አንስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። «ባዶውን አይመለስም» አለች።

«እኔ እኮ ባዶውን ነው ያመጣሁልሽ።»

«እርስዎ ያምጡ። እኔን ያሳደገችኝ ተጂቱ ናት።»

ቃሉ የጥፊ ያህል ነበር፤ ይገባቸዋል። ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገባ፤ የጉልበት ቅባት ገባ፤ በመሐል መሐሉ ከረሜላ ተጠቀጠቀ። በመጨረሻ ብርቱካን ከመሳቢያ አንዲት ነጭ የፕላስቲክ አምባር አወጣች፤ ሆስፒታል ሕፃኗ እንደተወለደች እጇ ላይ ያሰሩላት ናት፤ ቁጥርና የእናት ስም ተጽፎባታል፤ በወይዘሮ ብርቅአየሁ አውራ ጣት እንኳ በግድ ነው የምትገባው። «እጇ ይሄን ያህል ነበር በሏት። ያላየችው ይሄን ነው።» ከላይ አስቀምጣ ከደነችው።

ስልኩ ጮኸ። ብርቱካን ቁጥሩን አይታ አነሳችው፣ አዳመጠች፣ በእጇ አፍና ወደ እሳቸው ዞረች። «ሰሎሜ ናት። ከባሏ ጋር ታች መኪና ውስጥ ናቸው። የበሩን ቁጥር ንገሪኝ ትላለች።»

«ይጠብቁ። እጄ ሥራ ይዟል በያት።»

ብርቱካን ፕላስተርና እስክሪብቶ አመጣችላቸው። ወይዘሮ ብርቅአየሁ መነጽራቸውን አደረጉ፣ የፕላስተሩን ጫፍ በጥርሳቸው ቆረጡ፣ ጠረጴዛው ላይ አሹት። እጃቸው እስኪሞቅ ትንሽ ጠበቁና፣ ካርድ ክፍል እንደሚጽፉት፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለያይተው ጻፉ። «ለተጂቱ፣ ጉለሌ። ከልጅሽ ከብርቱካን። በብርቅአየሁ እጅ።» የድሮውን ፕላስተር አልላጡትም፤ አዲሱን ከሥሩ ለጠፉት፣ ከአንድ ጥግ እስከ ሌላው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፣ ክዳኑ መግጠሙን አዩ። ከዚያ ዕቃውን በሩ አጠገብ፣ ከጫማቸው ጎን አስቀመጡት።